ስለ ፈትሂያ ክፉ ክፉውን

አባቴ ታላቅ እህቴን ፈትሂያን ይጠላታል ብዬ የፈረድኩት በስምንት ዓመቴ ነው። ያኔ የቤታችን ዳኛ እኔ ነበርኩ፤ ፍርዴም ይግባኝ አልነበረውም።

ማስረጃ ሞልቶኝ ነበር። አባቴ በሺር ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ሰው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጥቶ "ፈትሂያ እንዴት ናት?" ያለው እንደሆነ ፊቱ ይለዋወጣል። "ተዋት እባክህ፤ ሰነፍ ናት፣ ምንም አታውቅም" ይላል። እህቴ የጎረቤታችንን የእትዬ የኔነሽን ልጅ ሒሳብ አስጠንታ አሳልፋዋለች። ሴትዮዋ ልታመሰግን ብትመጣ "እሷ ራሷ መች አውቃ ነው ሰው የምታስጠናው!" ብሎ በመጣችበት እግሯ መለሳት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፈትሂያ ደጅ የቆመው ሚኒባስ ውስጥ ገብታ በመኪናው መብራት ታጠናለች። ጠዋት ሞተሩ አልነሣም ሲል አባቴ "ባትሪዬን ገደለችው፣ ይቺ የማትረባ!" እያለ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል።

ስለ እኔ ግን አንድ ቀን ክፉ ተናግሮ አያውቅም። "ፋኢዛስ?" ሲሉት "ደህና ናት" ይላል፣ በቃ። ስለዚህ የሚወደው እኔን ነው ብዬ ደመደምኩ። ለእህቴ አዝንላት ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስም ይለኝ ነበር።

ፈትሂያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ የእንግሊዝኛ መምህሯ እንየው ቤታችን መጣ። እናቴ ሐዋ ተቀመጥ ብትለው እምቢ አለ። በሩ አጠገብ እንደቆመ ጉሮሮውን ጠረገና "ጋሽ በሺር፣ የመጣሁት ለኸይር ነው" አለ።

እኔ ወዲያው ነቃሁ። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር እንደማይቀመጥ አውቃለሁ። (መምህር እንየው ያልተቀመጠው ጫማው ጭቃ ስለነበረና የእናቴን ስጋጃ እንዳያቆሽሽ ስለፈራ ነው። ይህን ራሱ ነው በኋላ የነገረኝ።)

"አሜሪካ ያለ ኮሌጅ ነው" አለ መምህሩ። "ማመልከቻውን እኔ አግዛታለሁ። ከተቀበሏት ሙሉ ወጪዋን ይችሉላታል። በመሀሉ እዚያው ተምሮ የመጣ ሰው ያናግራታል፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ኢንጂነር ነው። አይቷት፣ ስለ እሷ አስተያየቱን ይልካል።"

"ተሳስተዋል መምህር" አለ አባቴ። "ይቺ ልጅ ለዚህ አትሆንም። ሰነፍ ናት።"

"ምን ማለትዎ ነው? ከትምህርት ቤቱ ሁሉ አንደኛ እኮ..."

"ኧረ በአላህ ይሁንብዎ! ድምፅዎን ዝቅ ያርጉ!" አባቴ ዘሎ ተነሣ፤ በሩንም መስኮቱንም ዘጋ።

እኔ የገባኝ ይህ ነው፤ አንድ ከአሜሪካ የመጣ ሙሽራ ኮምቦልቻ ተቀምጧል፣ እህቴን አይቶ ሊወስዳት ይፈልጋል። የእትዬ የኔነሽ ትልቋ ልጅም የሄደችው እንደዚያው ነው። አባቴ ግን ልጁ ሰነፍ ናት እያለ ገበያዋን ሊዘጋባት ነው። እንዲህ ያለ አባት አይቼ አላውቅም አልኩ በሆዴ።

መምህሩ ከሄደ በኋላ እናቴ አባቴን በቀስታ ስትናገረው ሰማሁ። "ማሻአላህ ብሎ መተው ነው እንጂ በሺር፣ እስከ መቼ ልጅቱን በስድብ ትሸፍናታለህ?"

"እኔን አንዴ በልቶኛል ሐዋ" አላት።

ምን እንደበላው አልገባኝም። ውሻ መሰለኝ። በማግስቱ ለሶላት ሲታጠብ እግሩን አየሁት፤ ጠባሳ የለውም።

ማመልከቻው ላይ ስለ ራሷ መጻፍ ነበረባት። እኔም ብቻዋን ከወንድ መምህር ጋር እንዳትቀመጥ ተብዬ ከትምህርት በኋላ አብሬያት እሄዳለሁ። እናቴ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ወረቀት እየቀደድኩ ጀልባ ስሠራ፣ መምህር እንየው የጻፈችውን አንብቦ ጭንቅላቱን ያዘ።

"ይሄ እኮ ስለ ጓደኛሽ ስለ ነፃነት ነው።"

"ነፃነት ትበልጠኛለች" አለች እህቴ።

"አንቺስ የት አለሽ?"

"ስለ ራሴ ምን ብዬ ልጻፍ መምህር? ጎበዝ ነኝ ልበል? ነውር አይደል እንዴ?"

"እነሱ ዘንድ ካልተናገርሽ የለሽም ማለት ነው፣ ፈትሂያ። አንቺ ስትሽኮረመሚ ሌላው ቦታሽን ይወስደዋል።" ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ። "የሌላ ሰው ታሪክ ነው ብለሽ ጻፊው በቃ።"

እንደምንም ጻፈችው። ቤት ስንመለስ ግን መንገዱን ሙሉ ታለቅስ ነበር፤ የሰው ገንዘብ የሰረቀች ይመስል። እኛ ቤት ሙያ በልብ ነው ተብለን ነው ያደግነው።

ቀጠሮው የካቲት መጀመሪያ ላይ ሆነ። እናቴ እኔን ነጭ ጉርድ አልብሳ "ከእህትሽ ጎን ንቅንቅ እንዳትዪ" አለችኝ። ጉርዱ ለሚዜነት መሰለኝ። አባቴ ሚኒባሱን አስነሥቶ መናኸሪያ ሳይገባ እኛን ብቻ ይዞ ቁልቁል ወረደ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉሙ ከመንገዱ ጋር ተጣብቆ ነበር። አባቴ ባፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ፈትሂያ ከኋላው ተቀምጣ በእንግሊዝኛ ታነበንባለች፤ ትጀምራለች፣ ታቆማለች፣ እንደገና ትጀምራለች።

መንገድ ዳር አንድ ሾፌር ጓደኛው አስቆመው። "በሺር፣ ቤተሰቡን ይዘህ ወዴት ነው?"

"ሐኪም ቤት" አለው አባቴ። "ይቺ ትልቋ ደህና አይደለችም።"

ፈትሂያ በመስኮቱ ወደ ገደሉ አየች። ሳትታመም ታማለች ብሎ አወራባት! እኔ በንዴት ወንበሩን በጫማዬ ስረግጠው "ተይ" አለችኝ።

ኮምቦልቻ ሞቃት ነው። ሹራባችንን አውልቀን አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሰውየው ወንድምአገኘሁ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ማተቡ ከሸሚዙ ኮሌታ ብቅ ብሏል። ለአባቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እኔ ደስ አለኝ፤ ክርስቲያን መሆኑ ብቻ ትንሽ አሳሰበኝ። አባቴ ለብቻው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ለስላሳ ቢያመጡለት አልነካውም።

በእንግሊዝኛ ጀመሩ። እሱ ረጅም ይጠይቃል፣ እሷ አጭር ትመልሳለች። ከጠረጴዛው ሥር የሻርቧን ጫፍ ክር ክሩን እየመዘዘች ልትጨርሰው ነው። ቆይቶ እንዲቀልላት ብሎ ይመስለኛል ወደ አማርኛ ዞረ።

"የምትኮሪበትን አንድ ነገር ንገሪኝ።"

"ምንም የለኝም።"

"የሰፈር ልጆች ታስጠኛለሽ ይላል እኮ።"

"እነሱ ራሳቸው ጎበዞች ናቸው።"

"ፊዚክስ ውድድር ላይስ?"

"ጥያቄው ቀላል ነበር።"

የሰውየው እስክሪብቶ ቆመ። ፈትሂያ መቆሙን አየች። ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ዓይኗ ወደ አባቴ ሄደ፣ መልሳ ዘጋችው። ሰውየው ፊቱን አሸት አሸት አደረገና ወደ አባቴ ጠረጴዛ ዞረ። "እስቲ ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ልጅዎ ምን ዓይነት ልጅ ናት?"

አባቴ ሳያመነታ መለሰ። "ሰነፍ ናት ልጄ። ቤትም አትረባ። ያስቸገሩህ በከንቱ ነው።"

እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ በዚያች ሰዓት አባቴን ከልቤ ጠላሁት።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ያኔ የማላውቀውን አሁን ልናገር። ከእኔ በፊት ሙንዚር የሚባል ወንድም ነበረን። ስድስት ዓመት ሲሆነው ቢስቲማ ከተማ የዘመድ ሠርግ ላይ ረጅም የቁርኣን ሱራ ሳይሳሳት በቃሉ አሰምቶ ሰውን ሁሉ አስደነቀ። አባቴ ትከሻው ላይ ሰቅሎት በድንኳኑ መሀል እየዞረ "ልጄን እዩልኝ! እንዲህ ያለ ልጅ ማን አለው?" አለ፤ ዓይን የሚመልሰውን "ማሻአላህ" ረስቶ። ሙንዚር ሳምንት ሳይሞላው በትኩሳት ሞተ። ሐኪሙ ማጅራት ገትር ነው አለ። አባቴ ግን የሰው ዓይን ነው፣ ዓይኑን የጠራሁት በምላሴ ነው አለ፤ ማንም ሊያስተወው አልቻለም። ከዚያ ወዲህ የተረፈችውን ልጁን በክፉ ቃል ደበቃት። እኔ የምደበቅበት ምክንያት አልነበረኝም፤ በትምህርቴም በመልኬም ዓይን የምስብ አልነበርኩም። ይህን ሁሉ እናቴ የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ወንድምአገኘሁ ወንበሩን ይዞ ወደ አባቴ ጠጋ አለ። "ጋሼ፣ እኔ የምጽፈው የሰማሁትን ነው። ደግ ነገር ካልሰማሁ ደግ ነገር ልጽፍላት አልችልም። ዛሬ ካልተነገረ ደግሞ ሌላ ቀን የለም።"

አባቴ ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ፈትሂያን አያት፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች።

"ስሟን ትጽፋለህ?" አለው።

"አዎ።"

"ብዙ ሰው ያየዋል?"

"ጥቂት ሰዎች ናቸው።"

"ማሻአላህ ይላሉ?"

ሰውየው ቀስ ብሎ ማተቡን በጣቱ ነካ። "እኔ እልልዎታለሁ" አለ። "እነሱ ሲያነቡት እኔ እዚህ ሆኜ ማሻአላህ እላለሁ።"

አባቴ ተነሥቶ ቆመ። ሁለት ጊዜ ጀምሮ አቃተው። ከዚያ ድምፁ ከየት እንደመጣ እንጃ። "ይቺ ልጅ" አለ፣ "ከእኔ ትበልጣለች። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ስታነብ ስሰማት ዳገት ጨርሼ ሜዳ የወጣሁ ይመስለኛል። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ታስጠናለች፤ አንድ ቀን ደከመኝ አላለችም። መብራት ሲጠፋ መኪናዬ ውስጥ ነው የምታጠናው። ባትሪ ጨረሰች ብዬ እጮኻለሁ። ውሸቴን ነው። መብራቱን ሆን ብዬ ሳላጠፋ ነው የምወርደው፤ ጠዋት ቁልቁል ተንደርድሬ እንዳስነሣው ብዬም አፍንጫውን ወደ ታች አዙሬ አቆመዋለሁ። ወላሂ፣ እንዲህ ያለች ልጅ አይቼ አላውቅም።" ከዚያ ትንፋሹ ተቆራረጠ፤ "ማሻአላህ፣ ላ ቁወተ ኢላ ቢላህ" አለ፣ ደጋገመው፣ ተቀመጠም።

"ማሻአላህ" አለ ወንድምአገኘሁ። እንደተናገረው።

እህቴ ሻርቧን ፊቷ ላይ ጣለች። ከዚያ በኋላ ግን ተናገረች። በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረች፣ እጇ ሁሉ ይናገር ነበር፤ የሰውየው እስክሪብቶም አላረፈም።

ዛሬ እኔ እዚያው ኮምቦልቻ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ፣ በየቀኑ ሐረጎን እወርዳለሁ እወጣለሁ። አንድ ቀን ፈትሂያን በስልክ ስጠይቃት ያ ቃለ መጠይቅ ከማመልከቻው ሁሉ ሚዛን የማይደፋው ክፍል እንደነበረ ነገረችኝ። አንዳንዱ ተማሪ ጭራሽ ሳይጠየቅ ይገባል አሉ። አባቴ ያን ያህል የተጨነቀው ለዚያች ለቀላሏ ነገር ነው። እንዳትነግሪው አለችኝ፤ አልነገርኩትም።

ያን ቀን ከኮምቦልቻ ስንመለስ አባቴ አፉ አላረፈም። ዳገቱን በዝግታ እየወጣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እኔ እህቴን እየረገማት መሰለኝ። ያን ሁሉ ሲያመሰግናት ሰምቼ እንኳ አላመንኩትም። ሙሽራው ፊት አፍሮ ነው እንጂ ብዬ ፍርዴን አጸናሁ።

በሳምንቱ ፈትሂያን ትኩሳት ጣላት።

አባቴ ሥራ አልወጣም። ከተኛችበት ክፍል በር ውጪ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ወደ ውስጥ ግን አልገባም። እናቴ "ታይፎይድ ነው ብለዋል፣ መድኃኒቷን ጀምራለች፣ ግባና እያት" ብትለው ራሱን ነቀነቀ። "ምላሴ ይበቃታል፤ ዓይኔን ልጨምርባት ነው?" አለ። ለእኔ ይህ የመጨረሻው ማስረጃ ነበር። ልጁ ታማ ሊያያት እንኳ አይፈልግም!

"ፋኢዛ፣ ግቢና እይልኝ" ይለኛል። "ትተነፍሳለች?"

እገባለሁ። ፈትሂያ ላብ አጥምቋት ታቃስታለች። እወጣለሁ። "ትተነፍሳለች።"

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ሂጂ እስቲ እይልኝ" ይላል። እንዲህ ሲያመላልሰኝ ዋለ። በመጨረሻ ተናድጄ "አልሞተችልህም!" ብዬ ጮኽኩበት። ይመታኛል ብዬ ነበር። "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ግንባሩን መሬት ላይ አደረገ።

ፈትሂያ ዳነች። መጋቢት ውስጥ ጠንክራ ስትነሣ እናቴ ለምስጋና ዱዓ አዘጋጅታ ጎረቤት ጠራች። ያን ቀን ደግሞ የኮሌጁ መልስ የሚመጣበት ቀን ሆኖ ተገኘ። መምህር እንየው ጉጉት አላስችለው ብሎ ለእትዬ የኔነሽ ነግሯት ኖሮ፣ እሷ ያወቀችውን ደግሞ ቧንቧ ውሃ ሁሉ ያውቀዋል። ፈትሂያና መምህሩ ኢንተርኔት ወዳለበት ትምህርት ቤት እንደሄዱ ቤታችን እስከ በረንዳው ሞላ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ዱዓ ካደረገ በኋላ ተነሥቶ የሚሄድ ጠፋ። ሁሉም በሩን ያያል። አባቴ ጥግ ይዞ እነዚያን ዓይኖች አንድ በአንድ ይመለከታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

በሩ ተከፈተ። መምህር እንየው ቀድሞ ገባ፤ ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር። "እንኳን..." ብሎ ሲጀምር ፈትሂያ ከኋላው መጥታ እግሩን ረገጠችው። ቸኩላ ነው ብዬ አሰብኩ።

"አልተሳካም" አለች። "አልተቀበሉኝም። ድሮስ እኔ ምን አውቄ!"

ቤቱ በአንድ ላይ ተነፈሰ። "አብሽሪ ልጄ፣ ኸይር ነው፤ አላህ የተሻለውን ይስጥሽ" አሉ ሴቶቹ። መምህር እንየው አፉን ከፍቶ ቀረ። አባቴ እህቴን ረጅም ጊዜ አያት፤ እሷም ዓይኗን ሳትሰብር አየችው። ከዚያ "ሰነፍ ናት አላልኳችሁም?" አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እየሳቀባት ነው! ዘልዬ ተነሣሁ። ሰው መሀል ተሻግሬ ጀርባውን በቡጢ ደበደብኩት። "አትወዳትም! ድሮም አትወዳትም! በአንተ ምክንያት ነው!" እያልኩ ጮኽኩ፣ አለቀስኩም። ሴቶቹ ይዘው ጎተቱኝ። የእኔን ልቅሶ ያየ ሁሉ የእህቴን መውደቅ ያለ ጥርጥር አመነ፤ እትዬ የኔነሽማ አብራኝ አለቀሰች።

ፈትሂያ መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። እንባዬን በሻርቧ እየጠረገች ጆሮዬ ሥር ተጠጋች።

"ዝም በይ የኔ እናት" አለችኝ በሹክሹክታ። "ተቀብለውኛል። ነሐሴ ላይ እሄዳለሁ። አባ እንዳይፈራ ብዬ ነው፤ ለማንም እንዳትናገሪ።"

ዝም እንድል ነበር የነገረችኝ። እኔ ግን እስከዚያች ሰዓት ሙሽራ ይወስዳታል ብዬ ሳስብ እንኳ አንድ ቀን ከአጠገቤ እንደምትጠፋ አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለቀስኩት ለእሷ አልነበረም። "ምነው ባሰባት?" አሉ ጎረቤቶቹ፤ "አብሽሪ ፋኢዛ፣ እህትሽ እንደሆነ የትም አትሄድ" ብለው ሊያባብሉኝ ሞከሩ።

አባቴ ከግድግዳው ዞረ። ጢሙ በእንባ ርሷል። እኔን አየ፣ ፈትሂያን አየ፣ እንደነገረችኝ ገባው። መጥቶ ከሴቶቹ እጅ ወሰደኝና ደረቱ ላይ ለጠፈኝ። ዝም በይ አላለኝም። እሱም ነሐሴን እያሰበ ነበር።